የላላው ብሎን

ሞተሩ የተነቀለው ዝገት ከበላው ፎርድ ነው፤
ሻጩ አስራ አምስት ዶላር ቢል፣ አባቴ በአስር ወሰደው።
ዕድሜውን በመስታወት ላይ ዝናብ ሲጠርግ የኖረ፣
መኪናው ሲሞት እንኳን የሱ ልብ ያልተሰበረ።
«ሙት ለማስነሳት ይበቃል» አለኝ በጨርቅ እያሸው፤
ዱሉዝ ነን፤ ኦክቶበር ሊያልቅ፣ ሐይቁም ብርዱን ሊልከው፤
ለሃሎዊን አራት ቀን ቀርቷል፣ የጋራዡ በር ክፍት ነው።

አባቴ አርቪድ ለከተማው ሃያ ስምንት ክረምት ሠራ፤
የበረዶ ጠራጊ መኪኖች ሆድ ሥር እየዋለ በተራ፣
ማርሻቸው ሲያቃስት ሰምቶ የታመመውን ጥርስ የሚጠራ።
ዘንድሮ ግን ካቻቪቴው የብሎኑን አናት ይስታል፤
እጁ፣ ያ የሚያውቀው እጁ፣ ያለ ትእዛዝ ይመታል።
ሁለቴ ሞከረ፤ ሦስቴ፤ አራተኛው ላይ ተወና
«አንቺ እሰሪው፣ ዓይኔ ደከመ» አለ። ዓይኑ ደግሞ ደህና።

አሻንጉሊቷ አሮጊት ናት፤ የውሃ ቧንቧ ነው አጥንቷ፤
የእናቴ አሮጌ መጋረጃ ቀሚሷ፣ የቀለም ጣሳ አናቷ።
ሬሳ ሳጥን ውስጥ ተጋድማ ቀኝ እጇ ብቻ ይነሳል፤
ክዳኑን ገርበብ አድርጎ፣ ተጣርቶ፣ ይመለሳል።
ምስጢሩ አንዲት ዘንግ ናት፣ ሞተሩ ጫፍ የታሰረች፤
ክብ ዙረቱን ተቀብላ ወደ ምልልስ የቀየረች።

መጀመሪያ አስራ ሁለት ቮልት ለቀቅንባት በድፍረት፤
አውቶቡስ እንዳመለጣት ሴት ተወናጨፈች በፍጥነት፤
ጣሳ አናቷ ወልቆ ወደቀ። ሳቅን።
«ችኩል ነገር አያስፈራም» አለ ሽቦ በጥርሱ እየላጠ፤
«የሚያስፈራው ጊዜ ያለው ነው፣ መምጣቱን ያረጋገጠ።»
ካሮጌ ኮምፒውተር ሆድ አምስት ቮልት ለካንላት፤
እጇ ተነሳ በዝግታ፣ ዕድሜ እንደተጫናት።

ግን የክርኗ ብሎን ላልቶ ጣቶቿ ይርገበገባሉ፤
ዳዶውን ላጠብቅ ፒንሳ ሳነሳ «ተይው!» ጮኸ በኃይሉ።

ዝም አልን። ራዲዮኑ ስለ በረዶ ይተነብያል።
ጉልበቱ ላይ ያረፈው እጁና ሳጥኑ ላይ ያረፈው እጇ
እኩል ይንቀጠቀጣሉ፣
አንዱ በደም፣ አንዱ በሞተር።
«ተይው» አለ ድጋሚ፣ አሁን ቀስ ብሎ።
«እሱ ነው ነፍሷ።»

በሃሎዊን ማታ በረዶው እንደ ተነፋ ዱቄት ጣለ፤
አባቴ ካፖርት ደርቦ ሳጥኑ አጠገብ ወንበር ላይ ተደላደለ፤
ጭምብል ደፋ፤ ከሷ ጋር ሌላ አሻንጉሊት ሊመስል ፈልጎ፣
ትንፋሹን አፍኖ፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ።

መጡ፦ ንብ፣ ሁለት ጠፈርተኛ፣ ካንገቱ በላይ ሻርክ የሆነ፤
ከኋላ ኮርቢን፣ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ጭምብል መልበስን የኮነነ፣
ባትሪ አብርቶ ሁለቱንም በሬ እንደሚገዛ ሰው መዘነ።
«አሮጊቷ አሪፍ ናት» አለ፤ «ሽማግሌው ግን ርካሽ ነው፤
እጁን አያችሁት? ላልቷል፤ ብሎን ነው የጎደለው።»

እኔ ከረሜላ እንደያዝኩ በር ላይ ደርቄ ቀረሁ፤
ከጭምብሉ ሥር፣ ለቅሶ መስሎኝ፣ አንድ የታፈነ ድምፅ ሰማሁ።
ሳቅ ነበር።
ከስንት ወር በኋላ የአባቴ ሳቅ፣ ትከሻውን የሚንጥ።
ልጆቹ ጮኸው ተበተኑ፤ ንቧ አንድ ክንፏን ጣለች፤
ኮርቢን ብቻ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ እግሩ አልታዘዝ ብሎት ቆመ።

«እውነትክን ነው» አለው አባቴ ጭምብሉን ገልጦ፤
«ብሎኑ ላልቷል። መለዋወጫው ግን ገበያ ላይ የለም።»
ከኪሱ ቸኮሌት አውጥቶ ዘረጋለት፤
ቸኮሌቱ ጣቶቹ መሀል ወዲህ ወዲያ ሲል
ልጁ ሊነጥቀው አልሞከረም፤
መዳፉን ከሥር አደረገ፣
እስኪወድቅለትም ጠበቀ።

ከኋላቸው አሮጊቷ፣ በአምስት ቮልት፣
ክዳኗን ገርበብ አድርጋ ትጠራለች፣
ትጠራለች።
ማንም አልዞረም።